በፖስታ ሳጥን የገባ ገንዘብ፦ እናትነትና ድህነት በቱፓክ ሻኩር ዘፈኖች

አሜሪካዊው የራፕ ዘፋኝ ቱፓክ ሻኩር እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው «ዲር ማማ» በተሰኘ ዘፈን ውስጥ አንድ ወጣት በእናቱ የፖስታ ሳጥን ገንዘብ ያስቀምጣል፤ የኪራይ ቀን ሲደርስ ኪራዩን እሱ መክፈሉ ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኘውም ይናገራል። ገንዘቡን ያገኘው ክራክ የተባለ አደንዛዥ ዕፅ ሽጦ ነው። በዚያው ዘፈን ውስጥ ደግሞ እናቱ የክራክ ሱሰኛ እንደነበረች ሳይሸፋፍን ነግሮናል። ዘፋኙ አንዱን ከሌላው ጋር አገናኝቶ አያብራራልንም፤ ማገናኘቱን ለአድማጩ ትቶታል። አድማጭ ሲያገናኘው የሚያገኘው ነገር ከባድ ነው፦ የአንዲት እናት ኪራይ የሚከፈለው ሌላ ቤት ያለች፣ ምናልባትም ልጆች ያሏት ሴት ለሱሷ ባወጣችው ገንዘብ ነው።

ይህን ዘፈን እኛ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ምስጋና ብቻ ነው። የቱፓክን ፎቶ በፀጉር ቤት ግድግዳና በሚኒባስ ታክሲ መስታወት ላይ እያየ ላደገው ትውልድ «ዲር ማማ» የእናት ዘፈን ነው፤ እንግሊዝኛውን በሙሉ ያልተከተለ ሰው እንኳ አዝማቹን ሲሰማ እናቱ ትዝ ትለዋለች። እንዲህ መስማት ስህተት አይደለም፤ ጎዶሎ ግን ይመስለኛል። ቱፓክ ስለ እናቶች የሠራቸው ዘፈኖች ከምስጋናው ሥር አንድ ክርክር ይዘዋል፤ እሱም ድሃ እናት ስትወድቅ ጥፋቱ በእሷ ስም ብቻ ይመዘገባል፣ መውደቂያዋን ያዘጋጁት ሕጎች፣ ሰፈሮችና ገበያዎች ግን ስማቸው አይነሳም የሚል ነው። ይህን ለመረዳት ከዘፈኖቹ ጀርባ ያለውን የአሜሪካ ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእናቲቱ ነው። አፌኒ ሻኩር በ1947 በኖርዝ ካሮላይና፣ ላምበርተን በምትባል ከተማ፣ አሊስ ፌይ ዊልያምስ ተብላ ተወለደች። ኒው ዮርክ ከመጣች በኋላ ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለውን፣ ራስን በመሣሪያ ጭምር መከላከልን የሚደግፈውን፣ ለድሃ ልጆች ነፃ ቁርስ በማብላትም የሚታወቀውን ብላክ ፓንተር ፓርቲን ተቀላቀለች። በኤፕሪል 1969 በኒው ዮርክ ከተማ ቦምብ ለማፈንዳት አሲረዋል ተብሎ ክስ ከተመሠረተባቸው 21 የፓርቲው አባላት አንዷ ሆነች። ሕግ ሳትማር፣ ጠበቃ ሳታቆም፣ ለራሷ ራሷ ተከራከረች። በችሎቱ መካከል ፀነሰች፤ ዋስትናዋ ተነሥቶ ወደ እስር ቤት ስትመለስም በቀን አንድ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት እንዲሰጣት በፍርድ ቤት ማስፈቀድ ነበረባት። በሜይ 1971 እሷና አብረዋት የቀረቡት ተከሳሾች ከ156ቱም ክሶች ነፃ ወጡ፤ ከአንድ ወር በኋላ፣ በጁን 16፣ ቱፓክ ተወለደ።

እንቁላሉና ወተቱ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። እርጉዝ ሴት ያማራት ነገር እንዳይቀርባት ጎረቤት ሁሉ በሚጨነቅበት አገር ላደገ ሰው፣ የአንዲት ነፍሰ ጡር ቁርስ የዳኛ ፈቃድ የሚፈልግ ጉዳይ መሆኑ በቀላሉ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ቱፓክ ገና ሳይወለድ በእናቱና በእሱ መካከል መንግሥት ገብቶ ነበር፤ ምን እንደምትበላ የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር። ወደፊት በዘፈኖቹ የምናገኛቸው እናቶችም እንደዚሁ ናቸው፤ ጓዳቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የማይታይ ባለሥልጣን ቆሞ ይታየኛል።

ፓርቲው ሲፈርስ አፌኒ የነበራትን ድርጅት፣ ጓደኞችና ተስፋ ይዞባት ፈረሰ። በብሮንክስ ለድሆች የሕግ ድጋፍ በሚሰጥ ቢሮ ለተወሰኑ ዓመታት ሠራች፤ ቀጥሎ ከልጆቿ ጋር ወደ ባልቲሞር ሄደች፤ ቱፓክም እዚያ በከተማዋ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቲያትር ተማረ። በ1988 ቤተሰቡ አገር አቋርጦ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን ሲቲ ገባ። ማሪን ሲቲ የተሠራችው በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በአቅራቢያው ባለው የመርከብ መሥሪያ ለሚሠሩ ሠራተኞች ማደሪያ እንድትሆን ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ የመርከብ መሥሪያው ተዘጋ። ነጮቹ ሠራተኞች በዙሪያው ወዳሉት ከተሞች ሲሄዱ ለጥቁሮቹ ግን ቤት የሚያከራይም የሚሸጥም ስላልነበረ እዚያው ቀሩ። በአሜሪካ ካሉት እጅግ ሀብታም አውራጃዎች በአንዱ መካከል፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በድልድይ ማዶ፣ ሥራ የሌለበት ሰፈር የተፈጠረው እንዲህ ነው። የአፌኒ የክራክ ሱስ የከፋው፣ ቱፓክም ከቤት ወጥቶ በየሰው ቤት ማደር የጀመረው በዚህ ጊዜ ነበር።

ክራክ የሚጨስና በጥቂት ዶላር የሚገኝ የኮኬይን ዓይነት ነው። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ 5 ግራም ክራክ በመሸጥ የተያዘን ሰው፣ 500 ግራም የኮኬይን ዱቄት በመሸጥ ከተያዘ ሰው ጋር እኩል፣ ቢያንስ 5 ዓመት እንዲታሰር አደረገ። ዱቄቱ የሀብታም፣ ክራኩ የድሃ ነበርና፣ መቶ ለአንድ የሆነው ይህ ልዩነት ማንን እስር ቤት እንደሞላ መገመት አያዳግትም፤ በ2010 ወደ 18 ለ1 እስኪቀንስ ድረስም ጸንቶ ቆይቷል።

ሴቶች ላይ ሲደርስ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ስለ «ክራክ ሕፃናት» መናገር ጀመሩ፤ እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት ክራክ ያጨሱ ልጆች አእምሯቸው ለዘላለም የተጎዳ፣ ለአገር ሸክም የሚሆን ትውልድ ናቸው ተባለ። በሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ የሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ከ1989 ጀምሮ ነፍሰ ጡሮችን ሳያስፈቅድ ሽንታቸውን እየመረመረ ውጤቱን ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጥ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ከታሰሩት ሴቶች ከአንዲት በስተቀር ሁሉም ጥቁሮች ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለው በ2001 ነው። በፊላደልፊያ ደግሞ ዶክተር ሃለም ኸርት የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በ1989 የጀመሩት ጥናት 224 ሕፃናትን ለሃያ ዓመታት ያህል ተከታተለ። ሕፃናቱ ሁሉ ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱ ሲሆኑ፣ ግማሾቹ በማህፀን ሳሉ ኮኬይን የደረሳቸው፣ ግማሾቹ ያልደረሳቸው ነበሩ። ጥናቱ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፤ ሁለቱም ወገኖች ግን በፈተናዎች ከሌሎች እኩዮቻቸው ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። ሐኪሟ የደረሱበት መደምደሚያ የልጆቹን ዕድል ይበልጥ የወሰነው ድህነቱ ነው የሚል ነበር። በእርግዝና ወቅት ኮኬይን አይጎዳም ማለት አይደለም። ነገር ግን አገር ሁሉ የእናቲቱን ሽንት ሲመረምር በከረመበት ጊዜ፣ መመርመር የነበረበት የቤቱ ባዶነት እንደነበረ ያሳያል።

ቱፓክ ይህን ጥናት አላነበበም፤ የመጨረሻ ውጤቱ ሲታወቅ እሱ ሞቶ ነበር። ነገር ግን እናቱን ሱሰኛም ንግሥትም ብሎ የጠራበትን ስንኝ በዚህ ዳራ ላይ አስቀምጠን ስንሰማው ትርጉሙ ይለወጣል። ክራክ የምታጨስ እናት በዜናው ወንጀለኛ፣ በሆስፒታሉ ተጠርጣሪ በነበረችበት ዘመን፣ ልጇ ሱሷን ሳይክድ ክብሯን መለሰላት። ሱሷን ቢደብቀው ኖሮ ምስጋናው የተለመደ ምስጋና ይሆን ነበር። ዘፈኑ በሁለተኛ ደረጃ የሚያነሳው የጓዳውን ሥራ ነው፦ እናት ከሥራ አምሽታ ገብታ ትኩስ ነገር ለማቅረብ ትታገላለች፤ በአሜሪካውያን የምስጋና በዓል ደግሞ በእጇ ካለው ፍርፋሪ ተአምር ትሠራለች። በዓል ሲመጣ ከየት እንዳመጣችው ሳይታወቅ ዶሮውን አዘጋጅታ የምትጠብቅ እናት ያለችው አበሻ ይህን ስንኝ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ዜማውም ከሌላ የእናት ዘፈን ጋር የተቀጠለ ነው፤ የአዝማቹ መነሻ ስፒነርስ የተባለው ቡድን በ1974 ስለ አንዲት እናት የተጫወተው «ሴዲ» የተሰኘ ዘፈን ነው፤ ስለዚህ ልጁ እናቱን የሚያመሰግንበት ድምፅ ራሱ ከቀደመው ትውልድ የተወረሰ ነው።

ለክርክሩ ሁለተኛው ምሰሶ ድጎማው ነው፤ እዚያ ያሉ አበሾች «ዌልፌር» የሚሉት ማለት ነው። ልጆች ላሏቸው ድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጠው ፕሮግራም የተጀመረው በ1935 ሲሆን፣ ክፍያው ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያይ ነበር፤ ቅድመ ሁኔታውም እንዲሁ። በብዙ ቦታዎች እናቲቱ ከወንድ ጋር ትኖራለች ከተባለ ድጎማው ይቋረጣል፤ ይህን ለማረጋገጥም ሠራተኞች በሌሊት ቤት እየገቡ አልጋ ሥርና ቁም ሣጥን ውስጥ ይፈትሹ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአላባማን እንዲህ ያለ ደንብ የሻረው በ1968 ነው። የስድስት ልጆች እናትና የድጎማ ተቀባዮች መብት ንቅናቄ መሪ የነበረችው ጆኒ ቲልመን በ1972 በጻፈችው ጽሑፍ ድጎማን ከመጥፎ ጋብቻ ጋር አመሳስላዋለች፤ አንዱን ባል በሌላ ባል እንደመለወጥ ነው፣ አዲሱ ባል መንግሥት ነው፣ ልዩነቱ እሱ ሊፈታሽ ሲችል አንቺ ልትፈችው አለመቻልሽ ነው የሚል ሐሳብ ነበራት። ከዚህ በኋላ ፖለቲከኞች፣ በተለይም በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሮናልድ ሬገን በ1976 የምርጫ ዘመቻቸው፣ መንግሥትን እያታለለች በቅንጦት የምትኖርን የድጎማ ተቀባይ ሴት ተረክ ደጋግመው ተናገሩ፤ የድሃ እናት ሥዕል በአሜሪካ ሕዝብ አእምሮ ውስጥ ሌባ ሆኖ ተሣለ። በኦገስት 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ የ1935ቱን ፕሮግራም አፍርሶ፣ አንድ ቤተሰብ በዕድሜ ዘመኑ ከፌዴራሉ ገንዘብ ሊረዳ የሚችልበትን ጊዜ በአጠቃላይ በ60 ወራት ገደበው።

አሁን ወደ 1991 እንመለስና «ብሬንዳ'ዝ ጋት ኤ ቤቢ» የሚለውን ዘፈን እንስማ። ቱፓክ ኒው ዮርክ ውስጥ ፊልም እየሠራ ሳለ፣ የ12 ዓመት ልጅ የወለደችውን ሕፃን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንደጣለችው የሚናገር የጋዜጣ ዜና አነበበ፤ ዘፈኑ የተወለደው ከዚያ ዜና ነው። አሠራሩ ራሱ ትኩረት ይፈልጋል። በተለመደው የራፕ ዘፈን አንድ አንጓ ያልቅና አዝማች ይገባል፣ አድማጩም ትንፋሽ ይወስዳል፤ እዚህ ግን ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ዕረፍት እንደ አንድ ረጅም አንጓ ይፈሳል። ማቆሚያ የለውም፤ ለብሬንዳም ማቆሚያ አልነበራትም።

ዘፈኑ የሚነሳው ከሰፈር ወሬ ነው፦ ብሬንዳ ወልዳለች አሉ፣ ስሟን እንኳ በቅጡ መጻፍ አትችልም። ወዲያው አንድ ሰው ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም፣ የቤተሰቧ ነው ይላል፤ ተራኪው ደግሞ ጉዳዩ መላውን ማኅበረሰብ እንዴት እንደሚነካ ላሳይህ ብሎ ይቀጥላል። ሙሉ ታሪኩ የዚያ ሰው መልስ ነው። አባቷ ሱሰኛ ነው፤ ያስረገዛት የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ነው፤ ሆዷ እየገፋ ሲሄድ በቤቱ ያስተዋለ ሰው የለም። ብቻዋን በመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ትወልዳለች። ሕፃኑን ጠቅልላ ቆሻሻ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ሲያለቅስ ትሰማለች፤ ልቅሶውም ያማታል። ብዙ ሰው ብሬንዳን ሲያስታውስ መጣሏን እንጂ ልቅሶው ማመሙን አያነሳም፤ ለእኔ ግን የዘፈኑ እምብርት እዚያ ነው። የ12 ዓመት ልጅ፣ ማንም እናትነትን ሳያስተምራት፣ በልቅሶው ድምፅ ብቻ ለአንድ አፍታ እናት ሆነች።

ቀጥሎ የብሬንዳ እናት ትናገራለች፤ ንግግሯ በገንዘብ ይጀምራል፤ ገቢዬን እያሳጣሽኝ ነው፣ ሶሻል ወርከሮቹም (የመንግሥት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞቹ) በየቀኑ እዚህ ናቸው ትላለች። ጨካኝ እናት ናት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ከላይ ያየነውን ታሪክ የያዘ አድማጭ ሌላ ነገር ይሰማል፦ በየቀኑ በር የሚያንኳኳ ባለሥልጣን፣ የሚቆረጥ ገቢና የሚመገብ አንድ ተጨማሪ አፍ። ሴትየዋ የልጅ ልጇን የምትቆጥረው በዶላር ነው፤ ቤቷም ሲቆጠር የኖረው በዶላር ነው። ብሬንዳ ከቤት ትወጣለች፣ ክራክ ለመሸጥ ሞክራ ትዘረፋለች፣ ሰውነቷን ትሸጣለች፣ በመጨረሻም ተገድላ ትገኛለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ብሬንዳን ያስረገዘው ሰው አይጠየቅም፤ ፖሊስም፣ ሐኪምም፣ መምህርም በታሪኩ አይታዩም። ወደዚያ ቤት የሚመጣው የመንግሥት ሰው የገንዘቡ ተቆጣጣሪ ብቻ ነው።

በ1993 የወጣው «ኪፕ ያ ሄድ አፕ» በበኩሉ በድጎማ የሚኖሩ ሴቶችን በቀጥታ ያነጋግራል፤ ልጅ ወልዶ የሚሄደውን ወንድ ይወቅሳል፣ ልጅ መውለድንም አለመውለድንም መወሰን ያለባት ሴቲቱ ናት ይላል፣ ለጦርነት የሚሆን ገንዘብ እያለ ድሆችን ማብላት እንዴት አቃተን ብሎም ይጠይቃል። ዘፈኑ ከታሰበላቸው ሰዎች መካከል ላታሻ ሃርሊንስ ትገኝበታለች፤ በማርች 1991 በሎስ አንጀለስ ለአንድ ጠርሙስ የብርቱካን ጭማቂ በተነሳ ጠብ በባለ ሱቅ ተተኩሶባት የሞተች የ15 ዓመት ልጅ ናት። የገደለቻት ሴት ጥፋተኛ ብትባልም የእስር ቅጣቷ በገደብ ታገደላት።

እዚህ ላይ ዝም ተብሎ የማይታለፍ ነገር አለ። ቱፓክ በሌሎች ዘፈኖቹ ስለ ሴቶች የተናገራቸው ቃላት እናቱ ፊት የማይነገሩ ናቸው፤ በዲሴምበር 1994 ደግሞ በአንዲት ሴት ላይ በተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ጥፋተኛ ተብሎ፣ በፌብሩዋሪ 1995 እስር ቤት ገባ። እሱ ጥፋቱን አልፈጸምኩም ብሏል። «ዲር ማማ» በሬዲዮ አገር ሲያስለቅስ፣ ዘፈኑን የያዘው አልበምም በሽያጭ አንደኛ ሲሆን ዘፋኙ በወህኒ ነበር። ይህ ዘፈኑን ውሸት አያደርገውም፤ ግን ድክመቱን ያሳያል። እናትን ንግሥት ማድረግ ሌሎቹን ሴቶች ከማክበር ጋር አብሮ አይመጣም፤ አንዳንዴ ክብሩ ሁሉ ለአንዷ ይሰጥና ለሌላዋ የሚተርፍ አይኖርም። ብሬንዳም ብትኖር ኖሮ የአንድ ሰው እናት ነበረች።

ሌላው ጉድለት ድምፅ ነው። በእነዚህ ዘፈኖች ስለ እናት የሚናገረው ልጅ ወይም ተራኪ ነው። በእኛ አገር ሕፃን ሲያባብሉ የሚዜመው እሹሩሩ እንኳ ብዙውን ጊዜ እናቲቱ የሌለችበት ነው፤ ሕፃኑን ያዘለው ሰው የማሙሽ እናት ቶሎ ነይ፣ ወተቱንም ዳቦውንም ይዘሽ ነይ እያለ ይጣራል። እናት የት እንደሄደች ዜማው አይናገርም፤ ወተትና ዳቦ ይዛ የምትመለስ ሴት ግን የሄደችው እነሱኑ ፍለጋ መሆኑ ግልጽ ነው። በአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ እናት ራሷ ስለ እርግዝናዋ ስትናገር ከሰማንባቸው ታላላቅ ሥራዎች አንዱ የሎሪን ሂል የ1998 «ቱ ዛዮን» ነው፤ ነገር ግን ያ ዘፈን ስለ ድህነት አይደለም። ድሃዋ እናት በራሷ አንደበት የምትናገርበት፣ የዚያን ያህል የታወቀ የራፕ ዘፈን ለማግኘት ብዙ መፈለግ ያስፈልጋል።

አፌኒ ከሱሷ የተላቀቀችው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ልጇ በሴፕቴምበር 1996 ተተኩሶበት ሲሞት 25 ዓመቱ ነበር፤ በዓመቱ በስሙ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁማ ወጣቶችን በኪነ ጥበብ ማሠልጠን ጀመረች። በ2004 ሕይወቷን ለተዋናይት ጃስሚን ጋይ ተርካ፣ እስሩንም ሱሱንም በራሷ ቃል የያዘ መጽሐፍ ታተመ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2010 «ዲር ማማ»ን ለትውልድ ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቅጂዎች መዝገብ ሲያስገባ እሷ በሕይወት ነበረች፤ ያረፈችው በሜይ 2016 ነው።

በዘፈኑ ውስጥ ልጁ እናቱን አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል፦ ድሃ፣ ያለ ባል የምታሳድጊ፣ በድጎማ የምትኖሪ ሴት ሆነሽ ሳለ እንዴት አድርገሽ ተወጣሽው፣ እስቲ ንገሪኝ ይላታል። መልሱ ረጅም መሆን ነበረበት፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዱቤ፣ ስለ ቀበቶ ማጥበቅ፣ በቢሮ ደጅ ስለሚጠበቅ ሰልፍ፣ ሳይበሉ በልቻለሁ ስለማለት። በዘፈኑ ግን ከጥያቄው ቀጥሎ ወዲያው የሚሰማው የልጁ ድምፅ ነው፤ ውለታሽን የምመልስበት መንገድ የለኝም ብሎ ይቀጥላል።